ያልመሸበት ኮምፒውተር

ትዕግሥት የለኝም። ይህን የማያውቅ የደብረ ታቦር ሰው ካለ፣ ኢንተርኔት ቤቴ ገብቶ የማያውቅ ብቻ ነው። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ይዤ ትዕግሥት ማጣቴን እናቴም ሁሌ ታነሣብኛለች። ግን እናንተስ ብትሆኑ? አንዱ ይገባና ገና ሳይቀመጥ «ርብቃ፣ ያቺን የባለፈዋን አውጪልኝ» ይላል። የቷን? «ያቺን ከላይ ሰማያዊ የሆነችዋን።» ከላይ ሰማያዊ ያልሆነ ምን አለና! ሌላዋ ደግሞ «ሴትዮዋ ፈገግ ያለችበት» ትለኛለች። አንድ የእርሻ ባለሙያ «ወደ ታች ስወርድ በቀኝ በኩል የነበረው» ብሎ ግማሽ ቀን አስፈልጎኛል። ሰው በጉ ገበያ ውስጥ ስትጠፋበት እንኳ ጆሮዋ እንዲህ ነው፣ ጅራቷ እንዲህ ነው ይላል።

ጥፋቱ ግን የነሱ ብቻ አልነበረም። ኮምፒውተር የዞረበትን ገጽ ሁሉ የሚመዘግብበት ዝርዝር አለው፤ ሂስትሪ እንለዋለን። እሱን ከፍቶ ትናንት የታየውን ዛሬ መልሶ ማውጣት የደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን ማታ ቤቱን ከመዝጋቴ በፊት የአምስቱንም ኮምፒውተር ዝርዝር እየዞርሁ አጠፋ ነበር። ምክንያት ነበረኝ። በከፈትሁ በሁለተኛው ወር አንዲት ሚስት ባሏ ተነሥቶ በሄደበት ወንበር ተቀምጣ፣ ሲያይ የዋለውን ሁሉ አገኘችው። ጫማዋን አውልቃ ኮምፒውተሬን ልትመታው ስትል ነው እጇን የያዝኋት። ከዚያ ወዲህ የሰው ገመና በኔ ቤት አያድርም አልሁ። እናም ማታ ያጠፋሁትን ጧት እየፈለግሁ፣ እየተቆጣሁም እውል ነበር።

መሪጌታ ሞገስ ቤቴ የገቡት በ2003 ዓ.ም.፣ የኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው። የዝግባ ማርያም የዜማ መምህር ናቸው። ዝግባ ማርያም ወደ እብናት ከሚወስደው መንገድ ላይ ከመኪና ተወርዶ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ለበዓሉ ተጠርተው መጥተው ኖሮ፣ መኪናው እስኪሞላ ሲዘዋወሩ ነው የቤቴን በር ጽሑፍ ያዩት። መቋሚያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ከዚህ ውስጥ የሌለ ነገር የለም ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ የኔታ።»

«ዜማስ?»

ሥራ የቀዘቀዘበት ቀን ነበር፤ መኩራራትም አማረኝ። ቁጥር አራት ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኋቸውና ወንበር ስቤ አጠገባቸው ቁጭ አልሁ። አንዱን ስከፍት ወደ ሌላው ይመራኛል፤ ሌላውን ስከፍት ደግሞ ወደ ሌላ። መዝሙር መጣ፤ «ይኸ አይደለም» አሉ። የአዲስ አበባ ማኅሌት መጣ፤ «ደኅና ነው፣ ግን የኛ ቤት አይደለም» አሉ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ስንዞር ቆይተን የሆነ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ወደቅን። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነበረበት፤ ሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያውን ዛፍ።

መሪጌታ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ዝግባ ማርያም! ቆርቆሮ ሳትለብስ!»

ከፎቶው ሥር ድምፅ የሚያጫውት ምልክት ነበር፤ ተጫንሁት። መጀመሪያ እንደ ንፍሮ ድስት ተንፈቀፈቀ፤ ቀጥሎ አንድ ወንድ ዜማ ጀመረ። ድምፁ ወፈር ያለ ነው፤ አይቸኩልም። መሪጌታ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ቆሙ። ዕንባቸው ጢማቸው ላይ ሲወርድ እንኳ አልጠረጉትም።

«የኔታ ገብረእግዚአብሔር ናቸው» አሉ። «መምህሬ ናቸው። ካረፉ ሃያ ስምንት ዓመት ሆናቸው።»

ሁለት ደቂቃ እንኳ የሰማን አይመስለኝም። መብራት ሄደ።

የኛ አገር መብራት ሲሄድ መቼ እንደሚመለስ ለማንም አይናገርም። እስከ ዐሥር ሰዓት ጠበቁ። ተማሪዎቻቸው ስለሚጠብቋቸው ማደር አልቻሉም። ሲወጡ፣ «ትይዥልኝ የለ? እመለሳለሁ» አሉኝ። እኔ ደግሞ «ምን ችግር አለ፣ የኔታ! የትም አይሄድም» አልሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

መብራቱ በአራተኛው ቀን ኃይል ጨምሮ መጣና ቁጥር አራትን አጨሰው። እሱ ድሮም ችግረኛ ነበር፤ የውስጥ ባትሪው ስለሞተ፣ በጠፋና በተነሣ ቁጥር ቀኑን ይረሳ ነበር። ተናድጄ እንዳለ ለጌጡ ሸጥሁለት። ጌጡ የድሮ ጎረቤቴ ነው፤ እብናት ላይ ማመልከቻ የሚጻፍበትና ፎቶ ኮፒ የሚነሣበት ቤት አለው። በቦታው ሌላ ኮምፒውተር አስቀመጥሁና ነገሩን ረሳሁት።

መሪጌታ ጥምቀት እንዳለፈ መጡ። ቀጥ ብለው ወደ ቁጥር አራት ሄዱና ቆመው አዩት።

«ይኸ እሱ አይደለም።»

ሣቅሁ። ቁጥሩን እንጂ ኮምፒውተሩን ያስተዋለ ደንበኛ አይቼ አላውቅም። «የኔታ፣ እሱ ተቃጠለ። ግን ኢንተርኔት ሣጥኑ ውስጥ አይደለም ያለው፤ ከየትኛውም ይወጣል» ብዬ አስረዳኋቸው። እሳቸውም «አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ተቀመጡ።

አልወጣም። ያን ቀን በየት በኩል እንደደረስሁ ላስታውስ ብል ከየት ይምጣ! የመምህሩን ስም በፈረንጅ ፊደል በአምስት ዓይነት ጻፍሁት። የቤተ ክርስቲያኑን ስም ጻፍሁ። ፎቶ የሚለውን ጻፍሁ፤ ድምፅ የሚለውን ጻፍሁ። የሚመጣው ሌላ ነው። ሦስት ሰዓት ፈልጌ ስታክተኝ፣ ለምን ይህን ያህል እንደፈለጉት ጠየቅኋቸው።

የመምህሩ ሚስት በሕይወት አሉ፤ እማሆይ ፈንታነሽ ይባላሉ። ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር በአንዲት ጎጆ ይኖራሉ። መሪጌታ ኅዳር ላይ እንደተመለሱ የሰሙትን ነገሯቸው። ባይነግሯቸው ይሻል ነበር። ታመው የተኙት አሮጊት ይህን በሰሙ ዕለት ከመደባቸው ተነሥተው ተቀመጡ፤ «እኔንም አሰማኝ» አሉ።

«ከዚያ ወዲህ በገባሁ ቁጥር ‹አመጣኸው?› ነው የሚሉኝ» አሉ መሪጌታ። «እህል ትተዋል። ለዐቢይ ጾም መድረሳቸውን እንጃ። እኔ ገና በዐሥር ዓመቴ ቁራሽ ለምኜ ስመጣ፣ ወጥ ጨልፈው ያበሉኝ እሳቸው ናቸው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። ከዚያም በኋላ ባለው ቅዳሜ መጡ። እኔም እሳቸው በሌሉበት፣ ማታ ማታ እፈልግ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ቤቱ በሰው ተጨናንቋል፤ መስመሩ ይንቀረፈፋል፤ ሁለት ተማሪዎች ስለ ሰዓት ይጨቃጨቁኛል። መሪጌታ ጥግ ላይ ቆመው «አልተገኘም?» ሲሉኝ ገነፈልሁ።

«አልተገኘም የኔታ! የሚገኝ ቢሆን ተገኝቶ ነበር! እኔ ምን ላድርግ? በቃ፣ አንዴ ሰምተውታል፣ ተዉት!»

ወዲያው ያንገበግበኝ ጀመር፤ የተናገርሁትን መዋጥ ግን አይቻልም። መሪጌታ አልተቆጡም። እንደሚያስተምሩ ሁሉ ዝግ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ እኛ ዘንድ ተማሪ ቀለም ሲጠፋበት አንገርፈውም። መጀመሪያ የተማረበት ድንጋይ ላይ ሄዶ እንዲቀመጥ እናደርገዋለን። ዛፉን ያያል፤ የዚያን ጊዜ ያየውን ያያል፤ ቀለሙ ይመለስለታል። ድንጋዩ ሳያውቅ አይቀርም እንላለን። ያን ኮምፒውተር የት ወሰድሽው?»

«እብናት» ስል አፌ ሳይዘጋ ቀረ።

ያን ዕለት መብራት ነው የሄደው። ማታ ዝርዝሩን አላጠፋሁም። በማግሥቱም፣ በሠልስቱም መብራት አልነበረም። ሲመጣም ተቃጠለ። ያ ኮምፒውተር ከኔ ቤት የወጣው ሂስትሪው ሳይነካ ነው። የተቃጠለው ደግሞ ኃይል የሚሰጠው ክፍሉ እንጂ ማስታወሻው አይደለም። ኢንተርኔት ሣጥኑ ውስጥ አይደለም ብዬ የሣቅሁባቸው ሰውዬ፣ ወር ሙሉ ትክክል ነበሩ።

ተማሪዎቹን ገንዘባቸውን መልሼ አስወጣኋቸው። ለጌጡ ስደውል አይነሣም። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታን ይዤ እብናት ወረድሁ።

ጌጡ ኮምፒውተሩን አሠርቶ፣ አበባ ያለበት ዳንቴል አልብሶ አስቀምጦታል። ኢንተርኔት የለውም፤ የሚጽፍበት ማመልከቻና የሐዘን ማስታወቂያ ብቻ ነው።

«ርብቄ! እንደው እንኳን መጣሽ!» አለ ሲያየኝ። «ነገ ከጎንደር ባለሙያ ይመጣልኛል፤ እዘኚልኝ፣ ተንቀራፎብኝ ፎርማት ላስደርገው ነው።»

«ነገ?»

«ነገ። ጠርጎ አዲስ ያደርገዋል።»

መሪጌታ ፎርማት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ፊቴን አይተው ግን አማተቡ። ጌጡን ከወንበሩ አስነሣሁና ተቀመጥሁ። ሂስትሪውን ከፍቼ ኅዳር ሚካኤልን በፈረንጅ አሰላሁ፤ ማግሥቱ ኖቬምበር ሃያ ሁለት ይሆናል። ኖቬምበርን ፈለግሁ። ባዶ። ኦክቶበር ባዶ፣ ዲሴምበር ባዶ። የወሩ ስም እንኳ የለም።

«የለም» አልሁ። «ምንም የለም፣ የኔታ።»

መሪጌታ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ጌጡ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ «ቀኑን አትመኝው፤ እሱ እንደ ባሕታዊ ነው፣ ቀን አይቆጥርም» አለ። ያን ጊዜ ዓይኔ ወደ ታች፣ ወደ ሰዓቱ ሄደ። ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለት ሺህ ሁለት በፈረንጅ ይላል። ባትሪው! በተነሣ ቁጥር ወደዚያችው ቀን ነው የሚመለስ። ለኛ ከሁለት ወር በላይ አልፏል፤ ለሱ ግን ያ ቀን ገና አልመሸም። ከዝርዝሩ በላይ «ዛሬ» የሚል ቃል አለ። እሱን ተጫንሁት።

ሁሉም እዚያ ነበር። ጧት የገባው ልጅ ያየው የኳስ ውጤት፣ ቀጥሎ የአንዷ መምህርት የሥራ ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ መዝሙሩ፣ ቀጥሎ «የኛ ቤት አይደለም» ያሉት ማኅሌት፣ ከዚያ እኔና እሳቸው የዞርንባቸው ገጾች ሁሉ እንደ ዱካ ተከታትለው። የመጨረሻው፣ መብራት ሲሄድ የነበርንበት ነው። ጮህሁ መሰለኝ፤ ማመልከቻ ሊያስጽፉ የተቀመጡ ሰዎች ደንግጠው ተነሡ።

ከዚያ ገጹ ራሱ አይከፈትም፤ መስመር የለም። አድራሻው ግን ተጽፏል፤ ሁለት መስመር የሚሞላ ፊደልና ቁጥር ነው። ወረቀት አውጥቼ ጮክ ብዬ እያነበብሁ መገልበጥ ጀመርሁ። መሪጌታ የላቲን ፊደል አያውቁም። ግን እኔ አንዱን ባልሁ ቁጥር ከኋላዬ ይከተሉኛል፤ «ስላሽ» ስል «ስላሽ»፣ «ነጥብ» ስል «ነጥብ»። ስጨርስ «አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አሉ። ከኮምፒውተሩ ላይ ደገምሁላቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ከላይ እስከ ታች ወረዱት። ጌጡ ሣቁን ለመደበቅ ወደ ውጭ ወጣ። እኔም «ወረቀት እያለ ምን አደከማቸው» ብዬ አስቤ ነበር። በሚኒባሱ ውስጥም ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ነው የተመለስነው።

ደብረ ታቦር እንደደረስን ቤቱን ከፍቼ ከወረቀቱ ላይ ጻፍሁት። ገጹ የለም አለኝ። እንደገና፣ ፊደል በፊደል ጻፍሁት። የለም።

«አንብቢልኝ እስቲ» አሉ መሪጌታ።

አነበብሁላቸው። መካከል ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ገደፍሽ። ከስድስት በኋላ ዜሮ ሁለት ጊዜ ነው ያልሽው።»

«አንድ ጊዜ ነው የጻፍሁት፣ የኔታ።»

«የጻፍሽውን አላውቅም። ያልሽውን ነው የማውቀው።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንድ ዜሮ ጨመርሁ። መስመሩ ተንቀረፈፈ፤ ነጩ ገጽ ነጭ እንደሆነ ቆየ፤ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች የዛፎቹ ጫፍ፣ ከዚያ የሣር ክዳኑ ወጣ። እግራቸው ላይ ወድቄ ሳምኋቸው፤ ስላለፈውም ይቅርታ ጠየቅሁ። «ይፍታሽ» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ከፎቶው ላይ አልተነሣም።

ስልኬን ድምፅ ማጉያው ሥር አስቀምጬ መቅዳት ጀመርሁ። ሰባት ደቂቃ ነው። መሪጌታ ኅዳር የሰሙትን አልፈው ያልሰሙትን ሲሰሙ፣ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይወድቅና ይነሣ ነበር። ዜማው አለቀ፤ እሳቸውም ወደ ግድግዳው ዞረው ጸሎት ያዙ። እኔ ዝም ብዬ ጠበቅሁ፤ ቀረጻው ገና አላበቃም። የባዶ ቴፕ ሹክሹክታ መጣ፤ ከዚያ ከሩቅ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ።

«ፋሲካ! አንቺ ፋሲካ! ነይ ወዲህ፣ አባትሽን አታስቸግሪ!»

መቅረጫው አጠገብ ያለች ትንሽ ልጅ ሣቀች። «መጣሁ፣ እማ!» አለች። የሚሮጥ እግር ተሰማ፤ ቀጭ ብሎም ቀረጻው ቆመ።

መሪጌታ ከግድግዳው ዞሩ። ፊታቸው ዐመድ መስሏል።

«ፋሲካ ማን ናት?» አልኋቸው።

«ልጃቸው ናት። አንዲት ልጃቸው። በፋሲካ ዕለት ተወልዳ ነው እንዲያ ያሏት።» ተቀመጡ። «ድምፁን የቀዳው ፈረንጅ በመጣ ዕለት እኔ ቁራሽ ልመና ሄጄ ነበር፤ እዚያ አልነበርሁም። በ66 መሆኑ ነው። በዓመቱ ኩፍኝ ገባና ወሰዳት። አራት ዓመቷ ነበር። ሌላ አልወለዱም።»

«ይህችን ልቁረጣት? ይቆረጣል» አልሁ።

«ቁረጪው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሻረ ቁስል ነው። ባላቸውን ይስሙና በሰላም ይሂዱ።»

ቆረጥሁ። ሙሉውንም ግን አላጠፋሁትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ማታ ማታ ዝርዝር ሳጠፋ የኖርሁ ሴት ያን ማታ እጄ እምቢ አለኝ።

ሰኞ ጧት ተነሥተን ዝግባ ማርያም ደረስን። እማሆይ ፈንታነሽ መደብ ላይ ተጋድመዋል፤ ከቢጫው ቆባቸው በቀር ሰውነታቸው ከጋቢው በላይ አይታይም። መሪጌታ ዝቅ ብለው «እማሆይ፣ አመጣሁት» አሏቸው። አሮጊቷ ክንዳቸውን ተደግፈው ተነሡ። ስልኩን ጆሯቸው አጠገብ ያዝሁላቸው።

የኔታ ገብረእግዚአብሔር በሚስታቸው ጎጆ ዜማ ጀመሩ። እማሆይ አላለቀሱም። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ፤ መካከል ላይ ፈገግ አሉ።

«ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞት ነበር» አሉ። «እያፈላሁ ፌጦ አጠጣው ነበር። አታስታውሱም እናንተ።»

ዜማው አለቀ፤ ስልኬ ዝም አለ። እማሆይ ጆሯቸውን አላነሡም፤ ጠበቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሪጌታ መለሱ።

«ከዚህ በኋላስ?»

«አበቃ፣ እማሆይ።»

«አላበቃም» አሉ። «ፈረንጁ ዕቃውን ሳይዘጋ እኔ ልጅቱን ጠርቻታለሁ። ያች መዓተኛ ገመዱን ልትነካ እጇን ስትሰድ ከጓዳ አይቻት ነው የጠራኋት። ፈረንጁም ሣቀ። አንተ ሞገስ፣ ይኸን ሁሉ ቀን የጠበቅሁ ለሱ ዜማ ይመስልሃል? የሱን ዜማስ አንተም ትለዋለህ፤ ልጆችህም ይሉታል። የሷን የሚልልኝ ማን አለ?»

መሪጌታ መሬት ላይ ተቀመጡ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያፍር አይቼ አላውቅም።

«ቀለም ገድፌ አሰማኋቸው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተሰባብሮ። «በዚህ ዕድሜዬ። የሰጡህን ገድፈህ አታሰማ እያልሁ እያስተማርሁ። ልጄ፣ ሙሉውን አጥፍተሽዋል?»

«አለ» አልሁ። «አለ፣ የኔታ።»

ፈልጌ ከፈትሁት። ዜማውን ዘልዬ ወደ መጨረሻው ልሂድ ብል፣ እማሆይ «ተዪው፣ በመንገዱ ይምጣ» አሉኝ። ሰባቱን ደቂቃ በመንገዱ ጠበቅን። ሹክሹክታው መጣ፤ ወጣቷ ሴት ተጣራች፤ ልጅቱ ሣቀች፤ «መጣሁ፣ እማ!» አለች፤ ሮጠች።

እማሆይ በሁለት እጃቸው ስልኩን ያዙት፤ ስልኩ ላይ ሳይሆን የጎጆው በር ላይ ነበር የሚያዩት።

«መልሽልኝ» አሉ።

መለስሁላቸው። እንደገና «መልሽልኝ» አሉ። ሰው ሲደጋግምብኝ የምቆጣ እኔ፣ ጉልበታቸው ሥር ተቀምጬ ስንት ጊዜ እንደመለስሁ አልቆጠርሁም። የሚጫኑበትን ቦታ አሳየኋቸውና ራሳቸው መለሱት። በዚያ ቤት መብራት ስለሌለ ባትሪው እስከ ማግሥቱ ማታ ቢደርስ ነው፤ የመሪጌታ ተማሪዎች እየተፈራረቁ መኪና መንገዱ ድረስ ወስደው ሊያስሞሉላቸው ተስማሙ። ስልኬን እዚያው ትቼላቸው ተነሣሁ።

ከጎጆው ወጥቼ አጥሩ ጋ ስደርስ ዜማው እንደገና አለቀ። ሹክሹክታው ተሰማኝ። በዚህ ጊዜ ግን ወጣቷ ሴት ሳትጣራ በፊት፣ ከጎጆው ውስጥ የእማሆይ ፈንታነሽ ራሳቸው ድምፅ ወጣ፤ ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ጮክ ብለው ተናግረው እንደማያውቁ መሪጌታ በኋላ ነገሩኝ።

«ፋሲካ! አንቺ ፋሲካ! ነይ ወዲህ!»

ልጅቱም ሣቀች፤ «መጣሁ፣ እማ!» አለቻቸው።